ኢፖክሲ የተቀባ ክራር አልጠነክር ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የክራሬን ገበቴ ጀርባ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሽፋን) የቀባሁት በኅዳር ነው። አዲስ አበባ፣ በረንዳ ላይ፣ ያውም በማታ። ጠዋት ነካ ሳደርገው የአውራ ጣቴ አሻራ ታተመበት። በሦስተኛው ቀንም ያው ነው፤ እንዲያውም ሁለት ዝንብ ተጣብቆበታል።

የመጀመሪያው ስህተቴ «ይደርቃል» ብዬ መጠበቄ ነበር። ቫርኒሽ መድረቅ የሚጀምረው ማቅጠኛው ሲተን ነው። ኢፖክሲ ግን ሬዚኑና ሃርድነሩ፣ ማለትም ዋናው ፈሳሽና ማጠንከሪያው፣ ተዋህደው ነው የሚጠነክረው። የሁለቱ ልክ ከተዛባ ወር ሙሉ ቢያሰጡትም ለውጥ የለውም። ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ለክራር ቆዳም አይበጅም።

ሁለተኛው ስህተት ላዩን ከውስጡ አለመለየት ነው። ብርድና እርጥበት ሲኖር አንዳንዱ ሃርድነር ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ቅባት ያወጣል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ጨርቅ ነክረው፣ በደንብ ጨምቀው ይጥረጉት። ውሃ አያፍስሱበት፤ ቆዳውን አያስነኩ። ከዚያ በጥፍርዎ ጫን ይበሉት። ምልክት ካልያዘ ተገላገሉ፣ ችግሩ ቅባቱ ብቻ ነበር። ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን ቅባቱን መልሶ ማሸት ነው፤ ወረቀቱም ወዲያው ይደፈናል።

ጥፍር ከሰመጠበት ውስጡም አልጠነከረም ማለት ነው። አሁን የሚጣበቀው የት እንደሆነ ይዩ። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ከሆነ በደንብ አልተማሰለም። የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቁ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ማማሰል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጦ ደግሞ ማማሰል ያስፈልጋል። ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ግን ወይ ልኩ ነው፣ ወይ ብርዱ።

የእኔ ሁለቱም ነበር። «ቶሎ እንዲይዝ» ብዬ ሃርድነር ጨምሬበታለሁ! ይህ ልማድ ከፋይበርግላስ ሥራ የመጣ ይመስለኛል። እዚያ ፖሊስተር ሬዚን ላይ ጥቂት ጠብታ ጨምሮ ማፍጠን ይቻላል። በኢፖክሲ የተረፈው ሃርድነር የሚዋሃደው ሬዚን ስለማያገኝ እንደለሰለሰ ይቀራል። ክራር ደግሞ የሚፈጀው ትንሽ ነው። ሁለት ለአንድ በሚባለው ኢፖክሲ ለ20 ሚሊ ሊትር ሬዚን 10 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ነው የሚገባው። በዓይን ግምት 2 ሚሊ ሊትር ቢሳሳቱ አንድ አምስተኛውን አዛቡ ማለት ነው። በሲሪንጅ ይለኩ። ዕቃው ላይ የተጻፈው ልክ በይዘት ይሁን በክብደት አስቀድመው ያንብቡ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስለ ብርዱ፣ ሊጥ በብርድ ቀን ለመቡካት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያውቃሉ። ኢፖክሲም እንደዚያው ነው። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ልኩን ካልሳቱና በደንብ ካማሰሉ፣ 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ሁለት ቀን ያቆዩት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃዋል። በጸጉር ማድረቂያ ወይም በከሰል እሳት ለማስቸኮል አይሞክሩ። ክራሩ የተጣበቀበት ሙጫ ሊለሰልስ፣ ቆዳው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ልኩ ከተዛባ በላዩ ሌላ መደረብ ራስን ማታለል ነው። ስሩ እንደለሰለሰ ይቀራል። መፋቅ አለበት። እኔ አሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ተጠቅሜ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ማስቲካ እንደመፋቅ ነው፣ ይረዝማል። የቀረውን አሴቶን በነካ ጨርቅ ጠረግኩት። መስኮት ክፍት፣ እሳት የሌለበት ቦታ፣ እጅ ላይ ጓንት። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ሰውነትን የሚያሳክክ አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይለቅም። ጊታር ከሆነ አሴቶኑን ይተዉት፤ የጠርዙን ፕላስቲክና አንዳንዱን ቀለም ያቀልጣል።

በሁለተኛው ዙር ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ወፍራም ሽፋን ድምፁንም ያፍነዋል። የተረፈችውን ጭላጭ በቡና ሲኒ አስቀመጥኳት። ጥፍሬን የምሞክረው እሷ ላይ ነው። ክራሩን ጅማት እስክመልስለት ድረስ ሳምንት አልነካሁትም።