አሮጌ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር በግቢዎ ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቅርብ የማውቀው ሞተር በሚትሱቢሺ ፓጄሮና ኤል 200 ላይ የሚገኘው 4ዲ56 ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 2,477 ሲሲ፣ የብረት ብሎክ፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ መክደኛ)። ግቢዬ ውስጥ ሸራ ወጥሬ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። የምጽፈው አብዛኛው ለሌሎች አሮጌ ቱርቦ ናፍጣ ሞተሮችም ይሆናል፤ ልኮቹን ግን ከራስዎ ሞተር የጥገና መጽሐፍ ይውሰዱ።

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ሞተሩ ለምን እንደታመመ ሳያውቁ መፍታት። ውኃ ሲያፈላ የኖረ ሞተር ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ብቻ ተቀይሮለት ቢገጠም፣ የተደፈነው ራዲያተር አዲሱንም ያስበላዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ክዳን የሌለው ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ በደህና ቀኑ የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ስለሆነ፣ ጎማው የደረቀ ርካሽ ክዳን ውድ ቴስታታ ሊያሰነጥቅ ይችላል። ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ቆሻሻን መናቅ ሁለተኛው ነው። የብሎኩን ፊት በብርጭቆ ወረቀት የሚያሹ ሰዎች አይቻለሁ። የሚረግፈው ደቃቅ አሸዋ ወደ ዘይት መንገዱ ይገባና አዲሱን ብሮንዚን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) በጥቂት ቀን ይበላዋል። ሲሊንደሮቹ ተሞርደው ሲመጡም በናፍጣ ማለቅለቅ አይበቃም። በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ይታጠቡ፤ ወዲያው ደርቀው ዘይት ይቀቡ፣ አለዚያ እዚያው ዝገት ይይዛቸዋል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክረው ሲሊንደሩን ይጥረጉት። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይጠቡ። እኔ ነጭ ሆኖ የወጣልኝ በአራተኛው ነው፤ በሦስተኛው ላይ ባቆም ኖሮ የፒስተኖቹ ፋሻዎች (ቀለበቶች) ምን ይሆኑ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ስህተት የቴስታታ ጓርኒሲዮን በመኪናው ሞዴል ብቻ መግዛት ነው። እኔም ልገዛ ነበር። ቴስታታዬን ለማስተካከል ወደ ማሽን ቤት ስወስድ አንድ አዛውንት ባለሙያ፣ «ፒስተኖቹ ከብሎኩ በላይ ስንት ወጥተዋል፣ ልጄ?» አሉኝ። አልለካሁም። «እንግዲያው ጓርኒሲዮን አትግዛ፤ ሂድና ለክተህ ና» ብለው መለሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ጥቂት ብቅ ይላል፤ ጓርኒሲዮኑም በዚያ ልክ በተለያየ ውፍረት ይሠራል፣ ደረጃውን የሚናገረው ምልክትም አለው። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በዓይን አይለይም። ከልኩ የቀጠነ ከገጠሙ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊነካ ይችላል። ከልኩ የወፈረ ከሆነ እመቃው ይወርዳል፤ ሞተሩ በማለዳ አልነሣም ይላል፣ ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ ባለቤቱም ካንዴሌታ (የማስነሻ ማሞቂያ) ሲቀይር ይከርማል። ባለ ሰዓት መለኪያውን ብሎኩ ላይ በማግኔት ያቁሙት፤ እያንዳንዱን ፒስተን ከፒኑ አቅጣጫ በላይ በሁለት ቦታ ይለኩ። መለኪያው ከሌለዎት ይዋሱ። እኔ አራቱንም ለክቼ ስመለስ፣ ልገዛው የነበረው ጓርኒሲዮን አንድ ደረጃ የቀጠነ ሆኖ ተገኘ።

የፒስተን ክንዶችን ቆቦች አያደባልቁ፤ ገና ሳይፈቱ ቁጥር ይምቱባቸው። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) 0.25 ሚሊሜትር ከተሞረደ ብሮንዚኑም የ0.25 ይሁን። የቴስታታ ቡሎኖች ከመሐል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ይጠበቃሉ። የክንድ ጉልበት ልኬት አይደለም።

4ዲ56 ሁለት ቺንጋ (ጥርስ ያለው ቀበቶ) አለው። ብዙዎች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ትልቁን ይቀይሩና ንዝረት የሚቀንሱትን ዘንጎች የሚያዞረውን ትንሹን ይተዉታል። ትንሹ ሲበጠስ ቁርጥራጩ ትልቁ ውስጥ ይጠመጠማል፤ ቫልቭና ፒስተን የሚጋጩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቱርቦው፣ በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ ወደሚገፋው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የሚሸከመውም ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ስለዚህ አዲስ የተገጠመ ሞተርን በቀጥታ ማስነሣት ቱርቦውን በደረቁ ማዞር ነው። የዘይት ማስገቢያ ቱቦውን ፈትተው ንጹሕ ዘይት ያንጠባጥቡበት፣ ዘንጉን በጣትዎ ያዙሩት። ከዚያ በናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ነቅለው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው) እያረፉ ያዙሩ። ሽቦው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አሮጌው ቱርቦ ዘይት ይተፋ ከነበረ የአየር ቱቦዎቹንና ኢንተርኩለሩን (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ሳያጥቡ መግጠም አደገኛ ነው። ናፍጣ ሞተር የተጠራቀመውን ዘይት እንደ ነዳጅ ስቦ ከልክ በላይ ሊሮጥ ይችላል፤ ቁልፍ ቢያጠፉም አይጠፋም። ዋናው ማቆሚያ አየር ማስገቢያውን መድፈን ነው፤ በእጅ ግን በፍጹም አይሞከርም። መጀመሪያ ሳስነሣ ልኩ የሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ ይዤ ነበር የቆምኩት፤ አላስፈለገኝም፣ እርስዎም ግን ያዘጋጁ።

የመጨረሻው ስህተት ሞተሩ በደንብ ከተነሣ በኋላ ይመጣል። እንጦጦን ሲወጣ ደከመ ተብሎ የፖምፓውን የናፍጣ ብሎን ማጥበቅ። ከፍታ ላይ የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም፤ ናፍጣ ሲጨመር ጥቁር ጭስና የጢስ ሙቀት ይጨምራል፣ ሙቀቱም ቴስታታውን ያገኘዋል። ጉልበት ካነሰ የአየር ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ የቱርቦውን ቱቦ ማሰሪያዎች ይመልከቱ። የእኔ ችግር አንድ የላላ ማሰሪያ ነበር።