«ከፍ አድርገው» ሲባል የቱን? የድምፅን ቅጥነትና ጉልህነት በዓሣ ማጥመጃ ክር መለየት

አማርኛችን «ከፍ አድርገው» የሚለውን ለሁለት የተለያየ ነገር ያውለዋል። ሬዲዮው አልሰማ ሲል ከፍ አድርገው እንላለን፤ ክራር ሲቃኝም አውታሩን ከፍ አድርገው እንላለን። የፊተኛው ጉልህነት ነው፣ የኋለኛው ቅጥነት። ስለዚህ ለዚህ ሙከራ «ከፍ» እና «ዝቅ»ን ተዉና ቅጥነትን «ቀጭን፣ ወፍራም»፣ ጉልህነትን «ጎላ ያለ፣ ለዘብ ያለ» በሉት። ተማሪን የሚያደናግረው በአብዛኛው ፊዚክሱ ሳይሆን ይህ ቃል ነው።

ባሕር ዳር ላለ ሰው መነሻው ሩቅ አይደለም። ጣና ዳር የታሰረች ታንኳን ተመልከቱ። በደቂቃ ስንት ጊዜ ተነሥታ እንደምትወርድ ብትቆጥሩ ድግግሞሹን አገኛችሁ፤ ምን ያህል ከፍታ እንደምትነሣ ብትለኩ የሞገዱን ጉልበት አያችሁ። ሁለቱ የየራሳቸው ልክ አላቸው። ድምፅ ግን እንደ ውኃው ወደ ላይና ወደ ታች አይዘልም፤ አየሩን እያጨቀና እያሳሳ ነው የሚጓዘው። ድግግሞሹ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፣ የሞገዱ ጉልበት ሲጨምር ደግሞ ይጎላል። ድግግሞሹ በሰከንድ ተቆጥሮ ኸርዝ ይባላል፤ ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል።

አሁን ወደ ሥራው። 80 ሳንቲሜትር የሚሆን ጣውላ፣ አንድ ሚስማር፣ ሦስት እርሳስ፣ 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንና 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር ያስፈልጋል። ክሩን ከሚስማሩ አስራችሁ በጣውላው ላይ አሳልፉትና ጀሪካኑን ከጠረጴዛው ጫፍ አንጠልጥሉበት። ሁለቱን እርሳሶች በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ከክሩ ሥር አስገቡ። እግራችሁንና ፊታችሁን አርቁ፤ ክሩ ሊበጠስ ይችላል።

ባዶው ጀሪካን 200 ግራም ከመዘነ 800 ሚሊሊትር ውኃ ጨምሩበት፤ በጠቅላላው 1 ኪሎ ይሆናል። ክሩን መሐሉ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ስባችሁ ልቀቁ፤ ቀጥሎ 1 ሳንቲሜትር ስባችሁ ልቀቁ። ድግግሞሽን በሚያሳይ የስልክ መቃኛ አፕ ብታዩት ሁለቱም 175 ኸርዝ አካባቢ ናቸው። ሁለተኛው ጎላ እንጂ አልቀጠነም። አጥብቃችሁ ከሳባችሁ የመቃኛው መርፌ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ወደ ቀጭኑ ዘሎ ይመለሳል፤ ክሩ ለቅጽበት ስለሚወጠር ነውና ሲረጋ ያለውን አንብቡ። ድምፁ እስኪሞት ጆሯችሁን አትንሡት፤ ጉልህነቱ እየከሰመ ይሄዳል፣ ቅጥነቱ ግን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ቅጥነቱን ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። ሦስተኛውን እርሳስ በሁለቱ መካከል 30 ሳንቲሜትር ላይ አስገቡ፤ ርዝመቱ ሲገመስ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ወይም ርዝመቱን ሳትነኩ ክብደቱን 4 ኪሎ አድርሱ፤ ማለትም ውኃው 3.8 ሊትር ይሁን። እጥፍ ቅጥነት አራት እጥፍ ውጥረት ይጠይቃል። የጀሪካኑን ክብደት ረስቶ 1 ሊትር፣ ከዚያም 4 ሊትር የሞላ ሰው ከእጥፉ በታች ይቀርበታል። ክሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲፈትግም ውጥረቱ ሙሉ በሙሉ አይደርስም፤ ጠርዙ ላይ ለስላሳ ክብ ነገር አድርጉ።

በጣና ገዳማት ተንጠልጥለው የሚታዩት የድንጋይ ደወሎችም ይህንኑ ሕግ ያከብራሉ፦ ቅጥነቱን የሚወስነው የድንጋዩ ዓይነት፣ መጠንና ቅርጽ ነው፤ የመቺው ክንድ የሚጨምረው ጉልህነትን ብቻ ነው።

ጉልህነትን በመለኪያው በዴሲቤል ለማየት ነፋስ ሳይነሣ በጠዋት ከግንብ የራቀ ገላጣ ሐይቅ ዳር ምረጡ። አንድ ስልክ 440 ኸርዝ ሳያቋርጥ ያሰማ፤ በሌላው ስልክ በ1፣ በ2 እና በ4 ሜትር ርቀት ለኩ። ርቀቱ በታጠፈ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፤ ልዩነቱን ግን እመኑት። ግንብ ካለ የገደል ማሚቶው ቅናሹን ያሳንሰዋል፤ ነፋስ ማይኩን ከመታው ሐሰተኛ ወፍራም ጉምጉምታ ይገባል፣ በስስ ስፖንጅ ሸፍኑት። መቃኛው ግን በሦስቱም ርቀት 440 ይላል።