ምንጩን ሳይዙ አይጻፉ፦ ለአማርኛ ውክፔዲያ አዲስ አርታዒያን

በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ የሚገኙት መጣጥፎች 15 ሺህ ገደማ ሲሆኑ በእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አሉ። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው አዲስ ገጽ ለመክፈት ነው። የትውልድ ከተማውን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት ወይም የሚያደንቀውን ድምፃዊ መርጦ አንድ ምሽት ሙሉ ይጽፋል፤ ጽሑፉ በማግስቱ ሲሰረዝ ወይም «ምንጭ የለውም» የሚል መለጠፊያ ሲደረግበት ደግሞ ቅር ብሎት በዚያው ይቀራል። በእኔ አስተያየት ሥራው መጀመር ያለበት ከሌላኛው ጫፍ ነው። የተጻፈውን እያነበቡ የተሳሳተውን ማረም፣ ምንጭ የሌለውን በምንጭ መደገፍና ጊዜ ያለፈበትን ማደስ ሙያውን ያስለምዳል፤ ገጽ መክፈት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በአባልነት መመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ይመዝገቡ። የሚያደርጉት እርማት ሁሉ በመረጡት ስም ለዘለቄታው ተመዝግቦ ለማንም ስለሚታይ፣ በተለይ ፖለቲካና ሃይማኖት ነክ ገጾችን ለማረም ያሰበ ሰው እውነተኛ ስሙን ከመጠቀሙ በፊት ደጋግሞ ቢያስብበት ይሻላል። ኢሜይልዎንም ያስገቡ፤ አለዚያ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋብዎት መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። በኮምፒውተር የሚጽፉ ከሆነ በላቲን ቁልፎች የግዕዝ ፊደል የሚያወጣ መጻፊያ በድረ ገጹ ላይ ተሠርቶ ተቀምጧል። አንድ ልማድ ግን ከወዲሁ ይተዉ፤ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ማስመሰል ዓይንን ያታልል እንደሆነ እንጂ ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ስለሆነ፣ ትክክለኛውን «።» ይጠቀሙ።

ለመጀመሪያ እርማት የሚሆን ሥራ ሞልቷል። የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዛሬ የለም፤ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆነዋል። ስለዚህ ሐዋሳን፣ ቦንጋን፣ አርባ ምንጭን ወይም ሆሳዕናን «በደቡብ ክልል የምትገኝ ከተማ» የሚል ገጽ ካጋጠመዎት መታረም አለበት። ሆኖም ያገኙትን ሁሉ በጅምላ አይለውጡ። «በ1990ዎቹ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ነበረች» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዘመኑ የነበረውን የሚናገር ስለሆነ ትክክል ነው፤ እሱን ማደስ ታሪኩን ማበላሸት ይሆናል።

እርማቱን ከማስቀመጥዎ በፊት ቅድመ እይታውን ይመልከቱ፤ ከዚያም ምን እንዳደረጉ በማጠቃለያው መስመር ላይ በአጭሩ ይግለጹ። «ክልሉን አስተካከልኩ፣ ምንጭ ጨመርኩ» ይበቃል። መስመሩን ባዶ የሚተው ሰው እርማቱ ቢገለበጥበት አይደነቅ፤ ሌላው አርታዒ ሐሳቡን ማወቅ የሚችልበት መንገድ የለውም። የገጹ የቀድሞ እትሞች በሙሉ ስለሚቀመጡ የተሳሳተ ነገር ሁሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ ለመሞከር አይፍሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምንጭ እንምጣ። ውክፔዲያ የሚቀበለው ሌላ ቦታ ታትሞ የወጣና አንባቢ ራሱ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነገር ነው። እርስዎ በዓይንዎ ያዩት፣ አያትዎ የነገሩዎት ወይም በአካባቢው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ አንባቢ የሚያመሳክርበት ወረቀት ከሌለ አይገባም። ብዙ ታሪካችን በቃል የሚተላለፍ በመሆኑ ይህ ሕግ እኛ ላይ እንደሚከብድ አምናለሁ። መፍትሔው ግን «ይባላል» የምትለውን ቃል መሸሸጊያ ማድረግ አይደለም። «ከተማዋ የተቆረቆረችው በአንድ መነኩሴ ነው ይባላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያዩ «ማን አለ? የት?» ብለው ይጠይቁ። አፈ ታሪኩን ሰብስቦ ያሳተመ ተመራማሪ ካለ «እገሌ በዚህ ዓመት ባሳተሙት ጥናት እንደመዘገቡት» ተብሎ ይጻፋል፤ ከሌለ ይወጣል።

ምንጭ ሲገኝም ምን እንደሚል በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። የከተሞችን ሕዝብ ብዛት እንውሰድ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጡት አኃዞች ግምቶችና ትንበያዎች ናቸው። በመሆኑም «የከተማዋ ሕዝብ ይህን ያህል ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ አኃዙ የቆጠራ ነው ወይስ የትንበያ፣ የየትኛው ዓመት ነው፣ ያወጣው ማን ነው የሚለው አብሮ መጠቀስ አለበት። ጋዜጣ ላይ የወጣን ክብ ቁጥር ከስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሰነድ ጋር ማስተያየት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ግማሽ ሰዓቱ ግን አይባክንም።

ይኸው ቆጠራ ሁለተኛውን ችግር፣ የዘመን አቆጣጠርን ያመጣል። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው በግንቦት 1999 ሲሆን በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የተካሄደው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ ዘንድ ሁለት ዓመት የሆነው በኤውሮፓውያኑ ሁለቱም 2007 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ምንጩ ወሩን ካልጠቀሰ በግምት አይመልሱ፤ ዓመቱን እንዳለ ወስደው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ያያይዙ። እኔ ራሴ በጀመርኩበት ሳምንት አንድ ገጽ ላይ ዓድዋ «በ1896» ተብሎ አየሁና ጸሐፊው የተሳሳተ መስሎኝ በኩራት «1888» አደረግሁት። ገጹ ግን ከላይ እስከ ታች በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነበር፤ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ የውጫሌ ውል በ1889 መፈረሙ ተገልጿል። በእኔ እርማት መሠረት ጦርነቱ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አለቀ ማለት ነው። አንድ የማላውቀው አርታዒ በዚያው ቀን መልሶት «እባክዎ ከላይ ያለውን ያንብቡ» የምትል መስመር ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ገጹን ሙሉውን ሳላነብ ቁጥር አልነካም።

የፊደል ጉዳይ ብዙ ጠብ የሚያስነሳ፣ ጥቅሙ ግን ከጠቡ የሚያንስ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም በ«ኀይለ»፣ በ«ሀይለ»፣ በ«ሃይለ»፣ በ«ስላሴ»ም ተጽፎ ይገኛል። መጣጥፉ በአንድ አጻጻፍ ይሰየምና ሌሎቹ ወደ እሱ የሚመሩ ባዶ ገጾች ይደረጋሉ፤ አንባቢ በየትኛውም ቢፈልግ ይደርስበታል። የሌላውን ሰው «ሰ» በ«ሠ» እየለወጡ መዋል ግን ሥራ አይባልም። ሁለት ስም ላላቸው ከተሞችም እንዲሁ ነው፤ አዳማና ቢሾፍቱ ዛሬ በሚጠሩበት ስም ይቀመጣሉ፣ ናዝሬትና ደብረ ዘይት የሚሉት ስሞች በብዙ ሰነድ ላይ ስላሉ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጠቀሳሉ።

ከሁሉ ይልቅ አማርኛ ጸሐፊን የሚፈትነው ገለልተኝነት ነው። «አንጋፋው»፣ «የጥበብ እንቁ»፣ «ለአገሩ ያልተከፈለ ውለታ የዋለ» የሚሉትን ሐረጎች ማውጣት ቀላል ነው፤ በምትካቸው ሰውዬው ምን አልበም በየትኛው ዓመት እንዳሳተመ ወይም ምን ሽልማት ከማን እንደተቀበለ ይጻፍ። አስቸጋሪው ግሡ ነው። ስለ ዓድዋ በሚናገር ገጽ ላይ ምኒልክ «አዘዙ» ተብሎ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ «አዘዘ» ቢባል፣ አንድም የሚያሞግስ ወይም የሚሰድብ ቃል ሳይኖር ጸሐፊው ወገኑን አሳውቋል። ለሁሉም አንቱታን መጠቀም የሚመርጡ አሉ፤ እኔ ወደዚያ አዘነብላለሁ፣ ምክንያቱም ነገሥታትን «አንተ» ማለት ለብዙ አንባቢ ጆሮ ስለሚሻክር ነው። ሌላ አርታዒ በተቃራኒው ቢመርጥ አልከራከረውም። የማልቀበለው በአንድ ገጽ ውስጥ ለአንዱ ወገን አንቱታ፣ ለሌላው አንተታ መስጠቱን ነው።

አለመግባባት ሲነሳ እርማት በእርማት እየገለበጡ መፎካከርን ትተው ወደ ገጹ «ውይይት» ይሂዱ። በዚያ የሚጻፈው ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ጸሐፊው ዘር፣ ሃይማኖት ወይም ዓላማ መሆን የለበትም። ምንጮች ራሳቸው የሚቃረኑ ከሆነ ዳኛ አይሁኑ፤ እያንዳንዱ ያለውን ከነባለቤቱ ያስቀምጡ። ስለ ራስዎ፣ ስለ ዘመድዎ ወይም ስለ መሥሪያ ቤትዎ ከመጻፍ ይቆጠቡ፤ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ከፋዩን የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበትም የአጠቃቀም ደንቡ ይደነግጋል።

ይህን ያህል ከለመዱ በኋላ አዲስ ገጽ ለመክፈት ሲነሡ፣ ከባለጉዳዩ ጋር ግንኙነት በሌላቸው ሰዎች የተጻፉ ሁለት ሦስት ምንጮች አስቀድመው ይያዙ፤ ካጡ ርዕሱን ለጊዜው ያቆዩት። ከጋዜጣም ሆነ ከመጽሐፍ ቃል በቃል አይገልብጡ። ውክፔዲያ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንም ሰው፣ ለንግድም ቢሆን፣ ምንጩን ጠቅሶና በዚያው ፈቃድ መልሶ እያጋራ ሊጠቀምበት ስለሚችል፣ የእርስዎ ያልሆነውን በዚህ ፈቃድ ለመስጠት መብት የለዎትም። ለፎቶግራፍም ይኸው ይሠራል፤ ከፌስቡክ ያወረዱትን ሳይሆን ራስዎ ያነሱትን የውክፔዲያ ፎቶግራፎች ወደሚቀመጡበት ድረ ገጽ፣ ወደ ውክሚዲያ ኮመንስ ይጫኑ። ከእንግሊዝኛው የሚተረጉሙ ከሆነ የመተርጎሚያ መሣሪያው የሚያቀርበውን ረቂቅ እንደ ጥሬ ዕቃ ይዩት። ጮክ ብለው ሲያነቡት የሚያደናቅፍዎትን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ አፍርሰው ይጻፉት፤ የእንግሊዝኛው ገጽ የጠቀሰውን ምንጭም ከፍተው ሳያዩ አያስተላልፉ። በመጨረሻ ገጹን በተገቢው «መደብ»፣ ማለትም ተመሳሳይ ርዕሶች በሚሰበሰቡበት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፤ ቢያንስ ከአንድ ነባር መጣጥፍም ማያያዣ ያድርጉለት፤ ለምሳሌ ስለ አንድ ወንዝ ከጻፉ ወንዙ ከሚያልፍበት ከተማ ገጽ ላይ ስሙን በሁለት ማዕዘን ቅንፎች [[ ]] መክበብ ብቻ ይበቃል።