ሞተርህ ሲያንኳኳ፦ ሞተር ይውረድ ከመባልህ በፊት ራስህ አዳምጠው

መኪናህ ማንኳኳት ከጀመረ ከየት ነው ከማለትህ በፊት መቼ ነው የሚያንኳኳው በል። ቀዝቃዛ እያለ ነው ሲሞቅ? ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው በራሱ ሲሠራ) ነው ነዳጅ ስትሰጠው? ሜዳ ላይ ነው እንደ እኛ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጣ? እኔ ይሄን ሳላውቅ በፊት አንድ ጋራዥ ሞተሩ ይውረድ፣ ማለትም ወጥቶ ይፈታ ብሎኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በኋላ ሌላ መካኒክ ከስር ገብቶ ሲያየው የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) መከለያ ቆርቆሮ ብሎን ወልቆበት እየተርገበገበ ነበር፣ በቃ እሱ ነው።

መጀመሪያ ዘይት። ሞተሩን አጥፍተህ አስር ደቂቃ ያህል ጠብቅና መለኪያውን አውጥተህ በጨርቅ ጥረግ፣ መልሰህ አስገባና እንደገና አውጥተህ እይ። እኛ ጋ ሰፈሩ ሁሉ ዳገት ስለሆነ መኪናው አፍንጫውን ሰቅሎ ቆሞ ከለካህ ይዋሽሃል፣ የግድ ሜዳ ፈልግ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሙላና እንደገና አዳምጥ፣ ብዙ ጊዜ የላይኛው ጠቅ ጠቅታ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ረጅም ካቻቢቴ ያዝ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርግና ከቦታ ቦታ እያዞርክ ስማ። ጠዋት በብርዱ ጋቢ ለብሰህ ከሆነ የወጣኸው አውልቀው፣ ቺንጋው (ቀበቶው) እና ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ጨርቅ ከያዙ አይለቁም! ከላይ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) በኩል ቀጭን ጠቅ ጠቅ ከሆነ በብዛት ቫልቭ ነው፣ ይስተካከላል፣ ቀስ ብለህ ጋራዥ መንዳት ትችላለህ። ቀዝቃዛ እያለ አንኳኩቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ በብዛት ፒስተኑ ትንሽ ስለላላ ነው፣ ዘይቱን እየተከታተልክ ብዙ ጊዜ ያስኬድሃል።

የሚያስፈራው ከታች የሚመጣው ወፍራም ኳ ኳ ነው። ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን ይሄኛው ሲሞቅ ይብሳል፣ ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ ጎልቶ ይሰማል። ቤንዚን ሞተር ከሆነ አጥፍተህ የአንዱን ካንዴላ (እሳት ሰጪ) ኮይል ሶኬት ንቀል፣ አስነሳና ለጥቂት ሰከንድ ስማ፣ አጥፋና መልስ፣ ወደ ቀጣዩ እለፍ። አንዱን ስትነቅል ድምፁ ጎላ ብሎ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር የቢዬላ ብሮንዚና (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ስስ ብረት) ነው የምትጠረጥረው። ናፍታ ላይ ይሄን አትሞክር፣ እዚያ ሲሊንደሩን ለማጥፋት የነዳጅ ቧንቧ መፍታት ይጠይቃል፣ ስትፈታ የሚወጣው ግፊት ደግሞ ቆዳ ይበሳል። የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ እዚያው አጥፍተህ አስጎትት፣ ጋራዡ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ብለህ እንዳትነዳው፣ ቶሎ ከተደረሰ በብሮንዚና ቅያሪ ሊወጣ የሚችለው ነገር ኮሎው (ቢዬላዎቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ከተበላ ዋጋው ሌላ ነው።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ጎንደር ላይ ዝም ያለ መኪና ወደ ቆላው፣ ሱዳን ጠረፍ ወዳለው መተማ ሲወርድ መንገድ ላይ ዳገት ሲያገኝ ሽምብራ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ድምፅ ያወጣል፣ ሰዉ ደንግጦ ሞተሩ ሄደ ይላል። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ መተማ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነ አየሩ ወፍራም ነው ሙቀቱም አለ፣ ቤንዚኑ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። በተለይ አሮጌ መኪና ላይ መካኒኩ እዚህ ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ የእሳቱን ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) አስቀድሞት ከሆነ ቆላ ላይ ይጮሃል። ማርሽ ቀንስ፣ ነዳጅ አቅልል፣ የራዲያተር ውሃ እይ፣ የእሳቱ ሰዓት ይስተካከል። ዝም ብለህ ከነዳኸው ግን ፒስተን ይበሳል።

ዘይት ስታስቀይር አጠገቡ ቁም፣ የወረደውን ፀሐይ ላይ እየው፣ ወርቅማ ወይ ብርማ ብልጭታ ካለበትና ማግኔት ካልሳበው በብዛት ብሮንዚና እየተበላ ነው። ድምፁ ጠዋት ብቻ ከሆነ ደግሞ በስልክ ቅረጸው ወይም መኪናውን ማታ ጋራዥ አሳድረው፣ መካኒኩ ራሱ ጠዋት በብርዱ አስነስቶ ይስማው።