ከምርምር ጉብኝት ስትመለሱ ምን ትጽፋላችሁ?

የፒኤችዲ ተማሪ ሆናችሁ ውጭ አገር ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወር ሁለት ወር ሠርታችሁ ስትመለሱ ያገኛችሁ ሁሉ የሚጠይቀው «እንዴት ነበር?» ብሎ ነው። መልሱም «በጣም አሪፍ!» ይሆናል። አሥር ጊዜ እንዲህ ካላችሁ በኋላ እናንተም ታምኑታላችሁ፤ በትክክል የሆነው ነገር ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሆነውን ለራሳችሁ ጻፉ። ለገንዘብ ሰጪው የሚላከው ሪፖርት ሌላ ነው፣ እሱ ይቆይ።

ባዶ ወረቀት ላይ አታፍጥጡ። ካሌንደራችሁን፣ የላካችኋቸውን ኢሜይሎች፣ የስልክ ፎቶዎቻችሁን በቀን በቀን ክፈቱ። እኔ ስመለስ «ጊዜ አጠረኝ» እያልኩ ነበር። ኢሜይሎቼን ሳገላብጥ ግን ከስምንቱ ሳምንት ሦስቱን የፈጀሁት የዳታ ፈቃድ ስጠብቅ ነው፤ ፈቃዱን የጠየቅኩት ደግሞ እዚያ ከደረስኩ በኋላ! ጊዜው አላጠረም፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት። ይህን ካላወቅኩ በሚቀጥለው ጉዞም ያው ነኝ።

ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ ግራሃም ጊብስ የተባለ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው፣ ካሳለፉት ነገር ለመማር የሚረዳ ዑደት አለ፤ ስድስት ጥያቄ ነው። ምን ሆነ? ምን ተሰማኝ? ምኑ ጥሩ፣ ምኑ መጥፎ ነበር? ለምን እንዲያ ሆነ? ምን ተማርኩ? ቀጥሎ ምን አደርጋለሁ? ሁሉንም እኩል አትሙሉ። ብዙ ሰው «ምን ሆነ» ላይ ሦስት ገጽ ይሞላና «ለምን» ጋ ሲደርስ ሁለት መስመር ጽፎ ይተወዋል፤ እናንተ ገልብጡት። በተለይ የደበራችሁን ነገር ቆፍሩ። ስብሰባ ላይ ዝም ያላችሁት ቋንቋው ከብዷችሁ ነው? ወይስ እዚያ ሰው የሚናገረው ሌላውን አቋርጦ ስለሆነ ነው? ወይስ (ይሄ ያማል) ጥናታችሁን ራሳችሁም ገና አላመናችሁበትም?

የጻፋችሁትን ከሁለት ወር በኋላ ደግማችሁ አንብቡት። ከተመለሱ በኋላም መደበር አለና። ጆንና ጂን ጋላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፉት፣ ሰው ውጭ ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ሲመለስም መላመድ ይቸግረዋል፤ ስሜቱ እንደ ደብሊው (W) ፊደል ወርዶ ይወጣል፣ እንደገና ወርዶ ይወጣል። «የኛ ላብራቶሪ ምንም አይረባም» ብላችሁ የጻፋችሁት ያኔ የብስጭት ይሁን የእውነት ይለያል።

ከዚያ አንድ ገጽ አውጡና ለአማካሪያችሁ ውሰዱ፤ የትኛው ምዕራፍ ይቀየራል፣ የትኛው ዳታ በእጃችሁ ነው፣ የትኛው እዚያ ቀርቷል። የጋራ ጽሑፍ ወሬ ከነበረም ማን ምን እንደሚጽፍና የማን ስም እንደሚቀድም እዚያ ለተቀበሏችሁ ተመራማሪ ዛሬውኑ በኢሜይል ጻፉላቸው፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ የተወራ ነገር ከሄዳችሁ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።