የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሲጮህ፦ የውሃ ግፊት የሚበዛበት ቤት እንዴት ይስተካከላል?

ደብረ ማርቆስን የሚያውቅ ሰው ዳገትና ቁልቁለቷን ያውቃል። የውሃ ማጠራቀሚያ የሚሠራው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ታች ሰፈር ያለ ቤት ደግሞ ውሃው በኃይል ይመጣበታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 10 ሜትር የከፍታ ልዩነት 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ማጠራቀሚያው ከቤታችሁ በ60 ሜትር ከፍ ካለ፣ ሌሊት ጎረቤት ሁሉ ውሃ ዘግቶ ሲተኛ 6 ባር ገደማ ቧንቧችሁ ላይ ያርፋል። ለመኖሪያ ቤት 3 ባር ይበቃል። ከ5 ካለፈ ጎሚኒ (ቧንቧው ውስጥ ውሃውን የምትዘጋውን ትንሽ ጎማ) ይበላል፣ መገጣጠሚያ ያላላል፣ ቧንቧ ያስጮሃል።

ብዙ ሰው ቧንቧው ሲጮህበት ሮጦ አዲስ ይገዛል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ግፊቱ ካልተነካ አዲሱም ውሎ አድሮ ያው ነው።

መጀመሪያ ድምፁን ለዩ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚተፋውና የሚንፈቀፈቀው አየር ነው፤ ትንሽ ሲፈስ ይተዋል። ግማሽ ሲከፈት የሚንቀጠቀጥና የሚያጓራ ከሆነ ጎሚኒውን ጠርጥሩ። ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ “ጓ!” የሚል ከሆነ፣ በድንገት የቆመው ውሃ መስመሩን እየመታው ነው። ቀስ ብላችሁ ዝጉ፤ ውጭ የሚታየውን መስመር ደግሞ በማሰሪያ ግድግዳው ላይ አጥብቁት።

ጎሚኒውን ለማየት ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ቧንቧውን ክፈቱና የቀረው ውሃ ይውጣ። የሳህኑን ማፍሰሻ በጨርቅ ድፈኑ፤ ትንሿ ብሎን እዚያ ከገባች አለቀላት። እጀታውን በካቻቪቴ ፍቱ፣ ከሥሩ ያለውን አካል በመፍቻ ወደ ግራ አዙራችሁ አውጡ። ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ በጣታችሁ ነቅነቅ አድርጓት። ከተነቃነቀች ጩኸቱ ከእሷ ነው፤ የያዛትን ብሎን አጥብቁ። ደርቃ ከሆነ ወይም መሐሏ ላይ ክብ ጉድጓድ ካወጣች ቀይሯት። አሮጌዋን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ መጠኑን በግምት መግዛት ያመላልሳል። ከመግጠማችሁ በፊት ጎማዋ የምታርፍበትን መቀመጫ ዳስሱ። ከሻከረ አዲሷንም ቶሎ ይበላታል።

በአንድ እጀታ ቀዝቃዛና ሙቅ የሚያወጣ ሚክሰር ከሆነ ጎሚኒ አትፈልጉ፤ የሚቀየረው ውስጡ ያለው ካርትሪጅ፣ ማለትም ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል ነው። አፉ ላይ ያለችው ወንፊትም አሸዋ ስትይዝ ታፏጫለች። ፈታችሁ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉና እጠቧት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከቧንቧ ሠራተኛ የግፊት መለኪያ ተዋሱ። ግቢ ያለው ቧንቧ ላይ ግጠሙት፤ ቤት ውስጥ ምንም ውሃ አይከፈት። ቀን አንብቡ፤ ሌሊትም፣ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ድገሙት። የሌሊቱ ቁጥር ነው እውነቱን የሚነግራችሁ።

ዋናውን መዝጊያ ግማሽ ዘግቶ መኖር የተለመደ ዘዴ ነው። ውሃው ሲፈስ ድምፁን ይቀንሳል፤ ቧንቧው ሲዘጋ ግን ግፊቱ ተመልሶ ያው ይሆናል። መስመሩ ሌሊቱን ሙሉ ተወጥሮ ያድራል። ስለዚህ ከ5 ባር በላይ ካነበባችሁ የግፊት መቀነሻ አስገጥሙ። ቦታው ከቆጣሪው በኋላ፣ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የእናንተ ስላልሆነ አትንኩት። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቤት ይዙር። ከፊቱ ማጣሪያ ይኑረው፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ደለል ይዞ ስለሚመጣ መቀነሻው በቶሎ ይደፈናል። በመለኪያው እያያችሁ 3 ባር ላይ አቁሙት።

ሮቶ ያለው ቤት ሌላ መንገድ አለው። የመንግሥቱ ውሃ ሮቶውን ብቻ ይሙላ፣ ቤቱ ከሮቶው ይጠጣ። ከቧንቧው በ4 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው 0.4 ባር ገደማ ነው፤ ሻወሩ ይደክማል፣ ጩኸቱ ግን ይጠፋል። የሮቶው ተንሳፋፊ መዝጊያ ያንን ሁሉ ግፊት ስለሚሸከም ጠንካራውን ግዙ።

ቦይለር ካላችሁ አንድ ነገር አደራ፦ ሲሞቅ ጠብ ጠብ የሚያደርገውን የደህንነት መዝጊያ በፍጹም አትድፈኑት። መቀነሻ ከተገጠመ በኋላ ማንጠባጠቡ ከበዛ ለቧንቧ ሠራተኛው ንገሩት፤ የሞቀው ውሃ ሲሰፋ መሄጃ አጥቶ ሊሆን ይችላል።