ኪዮጌንን ድሬ ላይ ለማስተማር ያሰባችሁ፣ ከአካሄድ ጀምሩ

ቲያትር የሚወዱ ልጆች ሰብስባችሁ፣ ከለመድነው ጭውውት ወጣ ያለ ነገር ልታሳዩዋቸው ካሰባችሁ ኪዮጌንን ሞክሩት አቦ። የጃፓን ባህላዊ ኮሜዲ ነው። ዕድሜው 600 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ኖህ በሚባለው ኮስታራ ቲያትር መሃል እየገባ ሰው ሲያስቅ የኖረ። መድረኩ ባዶ ነው። ጭንብልም አብዛኛውን ጊዜ የለም። ብዙ ወጪ የለውም፣ ሰውነትን ግን ያደክማል።

በቀልዱ አትጀምሩ። ልጆቹን «አስቁን» ካላችኋቸው ፊታቸውን ማጣመም ይይዛሉ፣ ያንን ማስተው ደግሞ መከራ ነው። መጀመሪያ አቋቋም ይልመዱ፦ ጉልበት ትንሽ እጥፍ፣ ወገብ ዝቅ፣ ጀርባ ቀጥ። ከዚያ አካሄድ፦ ጭንቅላት ከፍ ዝቅ ሳይል እግርን ወለሉ ላይ እያንሸራተቱ መሄድ። ካልሲ ያድርጉ። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ቢሆን ጥሩ ነው። በድሬ ሙቀት ከ11 ሰዓት በፊት አትሞክሩት።

ቃለ ተውኔቱን በወረቀት አትስጧቸው። እናንተ በሉ፣ እነሱ ይድገሙ፣ ከነዜማው። ጃፓን ውስጥም ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚተላለፈው፤ እኛ ጋ ደግሞ ቁርኣን ቤት ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ይሄ አይከብደውም።

ለመጀመሪያ «ቡሱ» የሚባለውን ተውኔት ምረጡ። «ቦሺባሪ»ም ዝነኛ ነው፣ ግን የጌታቸውን መጠጥ ስለሚሰርቁ አገልጋዮች ስለሆነ ለልጆች አልመርጠውም። በ«ቡሱ» ጌታው ሊወጣ ሲል ለሁለቱ አገልጋዮቹ፣ ለታሮ ካጃና ለጂሮ ካጃ፣ «ይሄ መርዝ ነው፣ ከእሱ የሚመጣ ንፋስ እንኳ ይገድላል» ብሎ ያስጠነቅቃቸዋል። ነገሩ ግን ስኳር ነው። እነሱም ንፋሱን በማራገቢያ እየመለሱ ይጠጉታል። አንዱ «አራግብ! አራግብ!» ይላል፣ ሌላው «እያራገብኩ ነው! እያራገብኩ ነው!»። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ቆዩ። እርምጃውና ድምፁ አንድ ላይ ይውደቅ፤ ልጆቹም ሞቱን የምር ይፍሩት፣ ምክንያቱም ተመልካቹን የሚያስቀው ፍርሃታቸው እንጂ ፊታቸው አይደለም። ድሬ ተወልዶ ማራገብ የማያውቅ የለም፣ እጃቸው ቶሎ ይገባበታል።

ስኳሩን በማራገቢያው እየዛቁ ይጨርሱታል። ከዚያ የጌታውን የግድግዳ ሥዕል ይቀድዳሉ፣ ውድ ሳህኑን ይሰብራሉ። ዕቃ አያስፈልጋችሁም፣ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ ነው የሚወጣው፦ ሲቀደድ «ሳራሪ ሳራሪ»፣ ሲሰበር «ግዋራሪን… ቺን!»። እነዚህን እንዳሉ ተዋቸው። ንግግሩን ግን በአማርኛ፣ ልጆቹ ቤት የሚያወሩት ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ከሆነም በዚያው አድርጉት። ጌታው ሲመለስ ሁለቱም እያለቀሱ «ዕቃህን ስላጠፋን ልንሞት መርዙን በላን፣ እንቢ አለን» ይሉታል። ልቅሶው ይጎተት።

ለሕዝብ ስታሳዩ «ኪዮጌን አቀረብን» አትበሉ። ኦኩራና ኢዙሚ የሚባሉት ሁለቱ የኪዮጌን ቤቶች ልጆቻቸውን ከሕፃንነት ጀምረው ነው የሚያሠለጥኑት። «ከኪዮጌን የተማርነው» ብላችሁ ፖስተሩ ላይ ጻፉ።